ድንጉላና 140 ባዝራ፦ ከቅኝ ግዛት ቨርጂኒያ የመጣው ገበያ ዛሬ ለምን ያከራክራል?

በፌብሩዋሪ 2022 የሩጫ ፈረሶችን የዘር መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካው ጆኪ ክለብ ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣውን ደንብ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት ሻረው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንቡ አጭር ነበር። ከ2020 ጀምሮ የተወለደ፣ ቶሮብሬድ የተባለው የሩጫ ፈረስ ዝርያ ድንጉላ (ወንድ ፈረስ) በአንድ ዓመት ከ140 በላይ ባዝራ (ሴት ፈረስ) እንዳያጠቃ፣ ማለትም እንዳይዳቀል ይከለክላል። 140 ለሰሚው ብዙ ይመስላል። በአሜሪካዋ ክፍለ ግዛት በኬንታኪ ግን በዓመት ከ200 በላይ ባዝራ የሚቀርብላቸው ድንጉላዎች አሉ።

ደንቡን የተቃወሙት ጊዜ አላጠፉም። ስፔንድትሪፍት፣ አሽፎርድ እና ስሪ ቺምኒስ የተባሉ ሦስት ታላላቅ የርባታ እርሻዎች በ2021 ክስ መሠረቱ። በኬንታኪ ምክር ቤትም እንዲህ ያለውን ገደብ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ክለቡ ግራ ቀኙን አይቶ ደንቡን አነሳ። ክሱም ፍርድ ሳያገኝ ተዘጋ።

ይህን ክርክር ከሥሩ ማየት ይሻላል። ድንጉላን ለሌላ ሰው ባዝራ በክፍያ የማቅረብ ንግድ ከነማስታወቂያው፣ ከነውሉና ከነዋጋው አሜሪካ ውስጥ የተተከለው እንግሊዝ ቨርጂኒያን ትገዛ በነበረበት ዘመን ነው። ውሉ እስካሁን ብዙም አልተቀየረም። በዚያ ዘመን ድንጉላውን ልክ ያስይዘው የነበረው ነገር ግን አንድ በአንድ ጠፍቷል። ዛሬ የሚያከራክረውም ይኸው ነው።

ቶሮብሬድ ለሩጫ ተመርጦ የተራባ ፈረስ ነው። እንግሊዞች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ያገራቸውን ባዝራዎች ከምሥራቅ ባመጧቸው ድንጉላዎች እያስጠቁ አወጡት። ሦስቱ ድንጉላዎች ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል፦ ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያን እና ጎዶልፊን አረቢያን። ዳርሊ አረቢያን በ1704 ከሶርያዋ ሐለብ ተጭኖ ነው የሄደው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት በኩል ሲቆጠር ከሦስቱ ወደ አንዱ ይደርሳል። በ2001 የወጣ ጥናት ደግሞ ከመቶ 95 የሚሆኑት የአባት ሐረጋቸው ዳርሊ አረቢያን ላይ እንደሚያርፍ አሳይቷል። መዝገቡ ዝግ ነው። አባትና እናቱ ያልተመዘገቡ ውርንጭላ አይመዘገብም። አዲስ ደም ከውጭ የሚገባበት በር የለም።

ይህን መያዝ ያስፈልጋል። ዝግ መዝገብ ውስጥ ጥቂት ድንጉላዎች ብዙውን ሲወልዱ የጠፋውን የሚተካ ከየትም አይመጣም።

የጨዋዎች ጨዋታ

ቨርጂኒያ ውስጥ ፈረስ ማሽቀዳደም የባለርስቶች መብት ነበር። በ1674 በዮርክ አውራጃ ጄምስ ቡሎክ የሚባል ልብስ ሰፊ ፈረሱን ከማቲው ስሌደር ፈረስ ጋር አስወራርዶ ሊያሽቀዳድም ተነሳ። ፍርድ ቤቱ 100 ፓውንድ ትምባሆ ቀጣው። ምክንያቱም ተጽፏል። ሠርቶ አዳሪ ሰው ፈረስ ማሽቀዳደም በሕግ አልተፈቀደለትም፣ ይህ ለጨዋ ሰው ብቻ የሆነ ስፖርት ነው ይላል። ቅጣቱ በትምባሆ መሆኑ አይግረማችሁ። በዚያ አገር ጥሬ ገንዘብ ብርቅ ስለነበር ግብሩም ዕዳውም በትምባሆ ይከፈል ነበር።

ፈረሶቹ ግን ገና የጨዋ ፈረስ አልነበሩም። ትናንሽ ናቸው። ብዙዎቹ ጫካ ተለቀው ስለሚያድጉ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ የሚያውቅ የለም። ደቃቃ ድንጉላ ልቅ እንዳይዞር የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ተደርሷል። ውድድሩም አጭር ነበር። ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን ይቆማል፣ ሩብ ማይል ይፈተለካል፣ አለቀ።

በ1730 ቡል ሮክ የሚባል ድንጉላ ቨርጂኒያ ገባ። ወደ አሜሪካ የመጣ የመጀመሪያው ቶሮብሬድ እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። የዳርሊ አረቢያን ልጅ ነው። ሲመጣ 21 ዓመቱ ነበር። ለፈረስ ይህ እርጅና ነው። በሸራ መርከብ፣ በዚያ ማዕበል፣ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ያስጓዙት ለዘሩ ሲሉ ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በ1750ዎቹ ጃነስ መጣ። የጎዶልፊን አረቢያን የልጅ ልጅ ሲሆን የወለዳቸው ፈረሶች በአጭር ርቀት የሚደርስባቸው ጠፋ። ዛሬ ኳርተር ሆርስ የሚባለው የአሜሪካ ዝርያ ሥሩ ወደ እሱ ይመዘዛል። በ1764 ደግሞ ጆን ቤይለር የተባለ የካሮላይን አውራጃ ባለርስት ፊርኖትን አስመጣ። እሱም የጎዶልፊን አረቢያን የልጅ ልጅ ነው፤ ልጆቹ ግን ረጅሙን፣ የ4 ማይሉን ሩጫ የሚችሉ ሆኑ።

ባለርስቶቹን ለዚህ ወጪ ያነሳሳቸው እልህ ነበር። በ1752 በግሎስተር፣ ቨርጂኒያ፣ ሴሊማ የምትባል ባዝራ ከሜሪላንድ መጥታ የዊልያም በርድ ሣልሳዊን ፈረስ ረታች። ሴሊማ ከእንግሊዝ የመጣች የጎዶልፊን አረቢያን ልጅ ነበረች። ከውጭ የመጣ ደም ምን እንደሚያደርግ የቨርጂኒያ ሰዎች በዓይናቸው አዩ። በርድ ራሱ ከቁማርና ከዕዳ አልወጣም። በ1768 ርስቱን በሎተሪ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ በ1777 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

ማስታወቂያው

ቨርጂኒያ ጋዜት በ1736 ዊልያምስበርግ ከተማ ላይ መታተም ጀመረ። ዋና ዋና ባለርስቶች የሚያነቡት ጋዜጣ ነው። ጸደይ ሲገባ የድንጉላ ማስታወቂያ ይበዛበታል።

ማስታወቂያው መልክ አለው። ከላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ትንሽ የፈረስ ሥዕል ይቀመጣል። ቀጥሎ የድንጉላው ስም ይመጣል። መልኩ ይነገራል፤ ዳማ ነው ወይስ ጉራቻ፣ ቦራ አለበት ወይ፣ እግሩ ነጭ ነው ወይ። ቁመቱ ይለካል። ከዚያ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ እናቱ የማን ልጅ እንደሆነች ይዘረዘራል። ያሸነፋቸው ውድድሮች ካሉ ይጻፋሉ። ድንጉላው በዚህ ወቅት የማን እርሻ ላይ እንደሚቆም፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ ይነገራል። መጨረሻ ላይ ለባዝራዎቹ ጥሩ ግጦሽ መኖሩ ይጠቀስና አንዲት ጥንቃቄ ትከተላለች። ባዝራ ብትጠፋ ወይም ብትሰረቅ ባለ ድንጉላው አይጠየቅም።

ዋጋው ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው። ድንጉላው አንዴ ወጣ፣ ተከፈለ፣ ሌላ የለም። ሁለተኛው የወቅት ክፍያ ነው። ባለ ባዝራው ከፍ አድርጎ ከፍሎ እስከ ሐምሌ ድረስ ባዝራዋ ካልያዘች መልሶ መላልሶ ያመጣታል። ሦስተኛው የዋስትና ክፍያ ነው። ከሁሉም ይወደዳል። ባዝራዋ ካልያዘች ግን ገንዘብ የለም።

ይህ አከፋፈል ከባዝራዋ ተፈጥሮ የመጣ ነው። ባዝራ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ድንጉላ መፈለግ ትጀምራለች። በየ21 ቀኑ ገደማ ስሜቷ ይመለሳል፤ ሲመለስ 5፣ 6 ቀን ይቆያል። እንቁላሏ የሚወርደው ግን ወደ መጨረሻው ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ክፍያ ቁማር ነው፤ ለዚህም ረከሰ። የወቅት ክፍያ የድንጉላውን ጊዜ መግዛት ነው። ዋስትናው ደግሞ ሙሉውን ስጋት ባለ ድንጉላው ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። ማን ምን ያህል ስጋት እንደሚሸከም በዋጋው ውስጥ ተቆርጦ ተቀምጧል። ስለ ዘረመል ምንም የማይታወቅበት ጊዜ መሆኑን ሳስብ የውሉ ብስለት ያስደንቀኛል።

ዛሬ ኬንታኪ ውስጥ በሰፊው የሚፈረመው ውል የዚህ የሦስተኛው ልጅ ነው። ውርንጭላው ተወልዶ በእግሩ ከቆመና ከጠባ ይከፈላል። ካልቆመ ወይም ካልጠባ አይከፈልም። ከ250 ዓመት በላይ ያለፈው ሐሳብ ዛሬ በመቶ ሺህ ዶላር ይሠራበታል።

ሌላም ነገር ያ ጋዜጣ ላይ አለ። የድንጉላው ማስታወቂያ በሚወጣበት ገጽ ላይ ባሪያ ጠፋብኝ የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ሰው ይሸጣል የሚልም ይወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ማየት የማይሳነው ነገር አለ። ፈረሱ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ በስም ይጠራሉ። ሰውየው ግን ብዙ ጊዜ የአባት ስም እንኳ የለውም፤ የሚታወቀው በለበሰው ልብስና ገላው ላይ ባለው ጠባሳ ነው። ድንጉላውን የሚመግበው፣ የሚያሸው፣ ባዝራዋን ይዞ የሚያቆማት፣ በውድድር ቀን የሚጋልበው ደግሞ በአብዛኛው ያው በባርነት የተያዘው ሰው ነው። የቅኝ ግዛቱ የፈረስ ዕውቀት በእነዚህ ሰዎች እጅ ነበር።

ጥቂቶቹ በስም ይታወቃሉ። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኦስቲን ከርቲስ የሚባል ጋላቢና አሠልጣኝ ነበር። በባርነት የያዘው ሰው ዊሊ ጆንስ ነው። በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ የጌታውን ፈረሶች ከእንግሊዝ ወታደር አትርፎ አቆየ። በ1791 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነጻ አወጣው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1875 የመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ሲካሄድ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን ከሜዳው ተገፍተው ወጡ። ስለ ቶሮብሬድ የዘር ሐረግ ሲወራ የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ በግርጌ መቅረቱ አይዋጥልኝም።

ወደ ፈረሱ ሐረግ ስንመለስ፣ ማስታወቂያው ሁሌ እውነት አይናገርም ነበር። የእንግሊዙ አጠቃላይ የዘር መዝገብ መታተም የጀመረው በ1791 ነው። ከዚያ በፊት ቅኝ ግዛት ውስጥ ያለ ሰው የድንጉላውን ዘር የሚያረጋግጠው ባለቤቱ ባሳተመው ቃልና ከእንግሊዝ በተላከለት ወረቀት ነው። ገዢ የሚስበው ሐረጉ ስለሆነ ማሳመር ያጓጓል። የእናቶቹ ወገን ደግሞ የባሰ ነው። የብዙ ባዝራዎች ስም እንኳ አልተጻፈም። ኋላ የአሜሪካን የዘር መዝገብ ያዘጋጁ ሰዎች ክፍተቱን ለመሙላት እነዚያኑ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች ማገላበጥ ነበረባቸው።

ክፍተቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ1913 እንግሊዞች ጀርሲ አክት የሚባል ደንብ አወጡ። ሐረጉ በሁሉም በኩል በእንግሊዝ መዝገብ ከተጻፉ ፈረሶች ካልተመዘዘ ፈረሱ ቶሮብሬድ ተብሎ አይመዘገብም አሉ። በዚህ ከአሜሪካ ምርጥ ፈረሶች ብዙዎቹ ዘር የሌላቸው ተባሉ። ከእነሱም የሌክሲንግተን ዘሮች ይገኙበታል። ሌክሲንግተን በ1850 ተወልዶ 16 ጊዜ የአሜሪካ ቀዳሚ አባት (በዓመቱ ልጆቹ በውድድር ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ ያገኙ ድንጉላ) የሆነ ፈረስ ነው። ደንቡ የተነሳው በ1949 ነው፤ ያነሱትም የአሜሪካ ደም ያለባቸው ፈረሶች ትልልቆቹን ውድድሮች ደጋግመው ስላሸነፉ ነው። በኋላ የመጣው የዘረመል ምርመራ ደግሞ የእንግሊዙም የጥንት መዝገብ በእናት ወገን ስሕተት እንዳለበት አሳየ።

ልኩ እንዴት ጠፋ?

በቨርጂኒያ ዘመን አንድ ድንጉላ ስንት ባዝራ ያጠቃል የሚለውን የሚወስን ሕግ አልነበረም። ልክ የሚያስይዘው እግር ነበር። ባዝራ ከአውራጃ አውራጃ በእግሯ ትሄዳለች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንዝ ይሻገራል። ካልያዘች ከ21 ቀን በኋላ እንደገና ያንኑ መንገድ ትመለሳለች። ስለዚህ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ድንጉላ ነበረው። አንዳንዱ ድንጉላ ራሱ ይዞራል፤ አውራጃ ፍርድ ቤት በሚሰየምበት ቀን ሕዝብ ስለሚሰበሰብ እዚያ ወስደው ያሳዩታል። የድንጉላውም ጉልበት ወሰን አለው። አንዷ ባዝራ ቀኗ ስለማይታወቅ ደጋግሞ ሊያጠቃት ግድ ነው። በአንድ ወቅት ሊያዳርሳቸው የሚችላቸው ባዝራዎች ቁጥር በዚህ ይታጠር ነበር።

የአሜሪካ አብዮት ሲመጣ ንግዱ ለጊዜው ተቋረጠ። በ1774 የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ስብሰባ የሆነው የአህጉሩ ጉባኤ የፈረስ እሽቅድምድምን ከብክነት ቆጥሮ ሕዝቡ እንዲተወው ጠየቀ። ከጦርነቱ በኋላ ገበያው ተመለሰ። ለምሳሌ ዳዮሚድ በ1780 የመጀመሪያውን የኤፕሰም ደርቢ፣ የእንግሊዝን ዝነኛ ውድድር፣ ያሸነፈ ፈረስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሲያረጅ ዋጋ አጣ። በ1798፣ በ21 ዓመቱ፣ በ50 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ለአሜሪካኖች ተሸጠ። እዚያ እንደደረሰ 1,000 ጊኒ ተከፈለበት። ከላይ ያነሳነው ሌክሲንግተን የዚህ የሽማግሌ ድንጉላ ዘር ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ የድንጉላ ልክ ብዙም አልሰፋም። የተለመደው ድንጉላውን በአክሲዮን መከፋፈል ነበር፤ አንድ አክሲዮን ያለው በዓመት አንድ ባዝራ የማስጠቃት መብት ያገኛል። ሴክሬታሪያት የተባለው ዝነኛ የሩጫ ፈረስ በ1973 ለ32 አክሲዮን ተከፍሎ እያንዳንዱ በ190,000 ዶላር ተሸጧል። ሲደመር 6 ሚሊዮን 80 ሺህ ዶላር ነው። ባለ አክሲዮኖቹ መብታቸው እንዳይረክስ ስለሚፈልጉ ቁጥሩን ራሳቸው ይጠብቁታል። በ1961 የተወለደው ታላቁ ኖርዘርን ዳንሰር በዕድሜው ሙሉ 650 ገደማ ውርንጭላ ነው የወለደው።

ከዚያ የእንስሳት ሕክምናው ተቀየረ። በ1980ዎቹ አልትራሳውንድ ወደ ጋጣው ገባ። ሐኪሙ የባዝራዋን እንቁላል በስክሪን ያያል፤ መድኃኒት ወግቶ የምትለቅበትን ሰዓት ይወስናል። ባዝራዋ በመኪና ትመጣለች፣ ጭራዋ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ግራና ቀኝ ይይዟታል። በጥቂት ደቂቃ ያልቅና በመጣችበት መኪና ትመለሳለች። በቨርጂኒያ ዘመን ቁማር የነበረው የአንድ ጊዜ ጥቃት ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ድንጉላው ለአንዷ ያጠፋው የነበረው ጉልበት ለሦስትና ለአራት ባዝራ ይበቃል ማለት ነው። የ200 ባዝራው ቁጥር የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኑም አለ። የሰሜኑ ወቅት ሲያልቅ ድንጉላው አውስትራሊያ ይበራል፤ እዚያ ወቅቱ ገና ሲጀምር ይደርሳል። ዴንሂል የተባለው ድንጉላ በአየርላንድና በአውስትራሊያ መካከል ሲመላለስ ኖሮ ከ2,000 በላይ ውርንጭላ ወለደ። እሱ ራሱ የኖርዘርን ዳንሰር የልጅ ልጅ ነው።

እርሻዎቹን ወደዚህ የሚገፋቸው ስግብግብነት ብቻ ነው ማለት ግን አይበቃም። ስሌቱ ራሱ ይገፋል። ድንጉላ ሥራ የጀመረበትን ዓመት አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ውርንጭሎቹ የሚወለዱት በሁለተኛው ዓመት ነው። መሮጥ የሚጀምሩት በአራተኛው ነው። እስከዚያ ድረስ ጥሩ አባት ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ብዙዎቹ ደግሞ ሲታዩ ጥሩ አባት አይሆኑም። ለድንጉላው አሥር ሚሊዮኖች የከፈለ እርሻ ገንዘቡን መመለስ የሚፈልገው እውነቱ ሳይታወቅ በፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው። የሚመልሰው በባዝራ ብዛት ነው። ውርንጭላ አርቢውም ለሐራጅ ስለሚያራባ ወሬው ወደሞቀበት አዲስ ድንጉላ ይሮጣል።

ሌላ መንገድም አለ፤ ግን በእሱ የሚሳካለት ብርቅ ነው። ኢንቱ ሚስቺፍ የተባለው ድንጉላ በ2009 ሲጀምር ክፍያው 12,500 ዶላር ነበር። ቀጥሎ ወደ 7,500 ወረደ። ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ነገሩ ተገለበጠ። ከ2019 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት የሰሜን አሜሪካ ቀዳሚ አባት ሆኖ ክፍያው 250,000 ዶላር ደረሰ። ገበያው አንዴ ንቆት የነበረ ድንጉላ ነው። ዛሬ የእድሉን በር ሳያገኙ የሚቀሩ ስንት እንዲህ ያሉ ድንጉላዎች እንዳሉ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጆኪ ክለቡ ደንቡን ሲያወጣ ያቀረበው ማስረጃ ይህ ነበር። በ2007 ከጠቅላላው ባዝራ 9.5 ከመቶው ብቻ ነበር ከ140 በላይ በሚያጠቁ ድንጉላዎች የተጠቃው። በ2019 ይህ 27 ከመቶ ገባ። በዚያው ጊዜ ውስጥ በሰሜን አሜሪካ የሚወለደው ውርንጭላ ቁጥር ከ37 ሺህ ወደ 20 ሺህ ገደማ ወርዷል። መንጋው እያነሰ፣ አባቶቹም እየተመናመኑ ነው።

ጉዳቱ በሳይንስም ታይቷል። በ2020 የታተመ ጥናት ከተለያዩ አገሮች የ10,118 ቶሮብሬዶችን ዘረመል መርምሮ ዘመዳሞች መዳቀላቸው እየጨመረ መሄዱን አገኘ። ከፈረሶቹ 97 ከመቶው ሐረጋቸው ውስጥ ኖርዘርን ዳንሰር አለ። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ከዚያ ያልፋል። የዝምድና መጠኑ በ10 ከመቶ ሲጨምር ፈረሱ ለአንዴም ቢሆን የመወዳደር ዕድሉ በ7 ከመቶ ይቀንሳል። ለሩጫ ብቻ የተራባ ፈረስ መሮጥ ካልቻለ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው አርቢው አይደለም። ውርንጭላው በእግሩ ቆሞ ጠብቷል፣ ውሉ ተፈጽሟል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል። የዝርያው ስጋት የትኛውም ውል ላይ አልተጻፈም።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉትም መሰማት አለበት። ቁጥሩ ከተገደበ የታወቀ ድንጉላ ዋጋ ይሰቀላል፤ አነስተኛ አርቢ ከበሩ ይመለሳል ይላሉ። ይህ እውነት አለበት። አሜሪካ ብቻዋን ብትገድብ ድንጉላዎቹ ወደ ሌላ አገር ይሸጣሉም ይላሉ። ይህም ሊሆን ይችላል። ክለቡ ይህን ለመከልከል ሥልጣን የለውም የሚለው ግን ለእኔ ደካማ ነው። ያው ክለብ ሌላ ከባድ ክልከላ ይዞ ኖሯል። ቶሮብሬድ በሰው ሠራሽ ዘዴ ከተዳቀለ አይመዘገብም። አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው ማዕከል የኮርማ ዘር በገጠር ላለች ላም ሲያደርስ ዓመታት አልፈዋል፤ የዓለም ውዱ ፈረስ ግን እስከ ዛሬ በአካል መገናኘት አለበት። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የቀድሞ የእሽቅድምድም ክለብ ሊቀመንበር ይህን ክልከላ ነጻ ንግድን ያውካል ብለው ከሰው ነበር፤ በ2012 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። የኬንታኪ እርሻዎችም ይህን ክልከላ አጥብቀው ይደግፋሉ። ባዝራ ሁሉ ወደ እነሱ እንድትመጣ የሚያደርገው እሱ ነውና። የሚጠቅማቸውን ደንብ እየጠበቁ የሚገድባቸውን ሲያዩ ገበያው ይወስን ማለታቸው አያሳምነኝም።

ገደብ ይቻላል ወይ ለሚለው በዚያው በአሜሪካ መልስ አለ። በ1788 ሜሴንጀር የሚባል ግራጫ ቶሮብሬድ ከእንግሊዝ ፊላደልፊያ ደረሰ። እሱም በጋዜጣ እየታወጀ ለባዝራ ቀርቧል። ዛሬ ጋሪ እየጎተቱ የሚወዳደሩት ስታንዳርድብሬድ ፈረሶች ዋና አባታቸው እሱ ነው። የእነሱ መዝገብ ሰው ሠራሽ ማዳቀልን ይፈቅዳል። ድንጉላ በቴክኒኩ ከቶሮብሬዱ እጅግ የበዛ ባዝራ ሊያዳርስ ይችል ነበር። ሆኖም ማኅበራቸው ከ2009 ጀምሮ ሥራ ለጀመሩ ድንጉላዎች ወሰን አበጀ። ቁጥሩ ያው 140 ነው። እርሻዎቻቸው አልተዘጉም፤ ውድድራቸውም አልቆመም።